የሲሶ ጠበቃ

እህቴ ኦሌታ የመኪናዬን ቁልፍ ደበቀችብኝ። እሷ ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፣ እኔ ስልሳ አንድ። ሁለት ባልቴቶች ዓርብ ጠዋት ቁልፍ ሲደባበቁ ያየ ሰው ቢኖር መድኃኒታችሁን ውጣችኋል ወይ ብሎ ይጠይቀን ነበር። በሩ አጠገብ ካለው መንጠቆ ላይ የለም፣ ቦርሳዬ ውስጥ የለም፣ የሶፋውን ትራስ ገልብጬ አየሁ፣ እዚያም የለም። እሷ ምድጃው ዘንድ ቆማ በታሸገ ውኃ ሩዝ ታጥባለች፤ ሦስት ባዶ ጠርሙስ ከጎኗ ተኝቷል። «ቁልፌን አይተሻል?» አልኳት። «ዛሬ ቤት ዋዪ፤ ሙቀቱ ይደፋሻል። ለከንቲባው ለክላውድ ደውይና አሞኛል በዪው» አለችኝ፣ ዞር እንኳ ሳትል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሐሙስ ማታ እራት ላይ አፌን መሰብሰብ ነበረብኝ፤ አልሰበሰብኩም።

እኔ የፖርት ሃርሎ ከተማ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ሲባል ደብዳቤ የምትመታ ሴት የሚመስላቸው አሉ፤ ይምሰላቸው። የከተማው ማኅተም ያለው እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የምርጫ ወረቀት የሚገባው ለእኔ ነው፣ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበትን ማስታወቂያ የምለጥፈውም እኔ ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሦስት ሲጨመርበት በሙሉ ጡረታ እወጣለሁ። የሰኞው ስብሰባ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ ከሰባ ሁለት ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። ስለዚህ ዛሬ ዓርብ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልወጣ ስብሰባ የለም። ስብሰባ ከሌለ ጠበቃ የለም። ጠበቃው ደግሞ የኦሌታ ልጅ ራንደል ነው።

ከቤታችን እስከ ከተማው አዳራሽ አሥራ አራት መስቀለኛ መንገድ አለ፤ በእግሬ ሄድኩ። እልህ ነው የወሰደኝ። ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አስፋልቱ ይፋጃል፣ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንኳ ትኩስ ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያው በር ላይ ሰዎች የውኃ ማጠራቀሚያ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ከእናቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የዘመሩ ሽማግሌ የልጅ ጋሪ ላይ ሁለት ጀሪካን ጭነው ይገፋሉ። ርካሽ ዕቃ መሸጫው መስኮት ላይ «አርባ ጠርሙስ፣ አምስት ዶላር ከአርባ ስምንት፣ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ብቻ» ይላል። የቧንቧ ውኃ መጠጣት ካቆምን አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ፋብሪካው ያፈሰሰው ማሟሟቻ ጉድጓዶቻችን ውስጥ ገብቶ ቧንቧችን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ መሽተት የጀመረ ቀን ለራንደል የደወልኩት እኔ ነኝ። «ሂዩስተን ተቀምጠህ የሰው ክስ ከምትከስ መጥተህ የእናትህን ቧንቧ አሽትት» አልኩት። በማግስቱ መጣ። እጁን ይዤ ከንቲባው ቢሮ ያስገባሁትም እኔ ነኝ፤ በዚህ እኮራለሁ። የዚያን ጊዜ የኦሌታ ኩላሊቶች ገና ይሠሩ ነበር። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ማሽን ላይ ትተኛለች። ከውኃው ይሁን ከስኳሯ ማንም በእርግጠኝነት አልነገረንም፤ እሷ ግን ከውኃው ነው ብላ ዘግታለች።

ከተማችን ፋብሪካውን በራሱ ጠበቃ መክሰስ አይችልም። ያለን አንድ የከተማ ጠበቃ ነው፣ እሱም የአጥርና የውሻ ጉዳይ ነው የሚያውቀው። በሰዓት ስድስት መቶ ዶላር የሚያስከፍሉትን እንቅጠር ብንል የዓመቱ በጀት እስከ ፋሲካ አይደርስም። ስለዚህ በሲሶ ነው የምንቀጥረው፤ ጠበቃው ከረታ ካስገኘው ሲሶውን ይወስዳል፣ ካልረታ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። አባታችን የሰው መሬት በሲሶ ሲያርስ የሞተ ሰው ስለሆነ ይቺ ቃል እኛ ቤት አትወደድም፤ ግን ሌላ መንገድ የለም። መንግሥት ደግሞ በሲሶ ጠበቃ ሲቀጥር ሹም ለወዳጁ እንዳይሰጥ ሕግ ወጥቷል። ለሕዝቡ ስድስት ጥያቄ መልሳችሁ በማስታወቂያ አውጡ ይላል፤ ለምን ትከሳላችሁ፣ ጠበቃው ምን ችሎታ አለው፣ ጠበቃውና አስተዳደሩ አሁንም ሆነ ድሮ ምን ግንኙነት አላቸው፣ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ ውሉ ኦስቲን ያለው የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ዘንድ ሄዶ እስከ ዘጠና ቀን ይመረመራል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ብጠየቅ ሁለት እጄን ነው የማወጣለት። ጣጣው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ከራንደል ቢሮ በመጣው ረቂቅ ላይ መልሱ «ምንም» ይላል።

ምንም! እኔ መሳቢያ ውስጥ እኮ አንድ ወረቀት አለ። ከንቲባችን ክላውድ ባቲስት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደር የምርጫ ገንዘብ ያዡን ያስመዘገበበት ነው፤ ስሙ ራንደል ጊድሪ፣ ፊርማውም የራሱ። በሁለተኛውም ምርጫ እንደዚያው። ወረቀቱን የተቀበልኩት በእጄ ነው፣ ማኅተሙ የእኔ ነው። ይኼን ነው ሐሙስ ማታ ለኦሌታ የነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ሳህኗን አነሣች፣ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ከእኔ ጋር ስትጣላ እንዲህ ናት፤ ጩኸት የላትም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮዬ ገብቼ መስኮቱ ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ከፍቼ ላቤ እስኪደርቅ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ላይ ክላውድ መጣ። ከነዳጅ ማደያው የገዛትን የሩዝ ቋሊማ በወረቀት ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሆድ አውጥቷል፣ እኔ ፊት ሲቀመጥ ግን አሁንም ጉልበቱን ይገጥማል።

«ሚስ ቨርዲን፣ ማስታወቂያችን ወጣ?»

«ሦስተኛው ላይ ቆሜያለሁ።»

«ሦስተኛው ምን ሆነ?»

«ራንደል ገንዘብ ያዥህ ነበር፣ ክላውድ። ወረቀቱ ‹ምንም› ይላል።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «ፖርት ሃርሎ ውስጥ ይኼን የማያውቅ ማን አለ? የተመረጥኩ ለት ራንደል ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሲጨፍር የእርስዎ የጸሎት ማኅበር በሙሉ አይቶታል። ሁሉ ሰው የሚያውቀውን ምን ብለው ይጽፋሉ?»

የከተማችን በሽታ ይቺ ናት። ሁሉ ያወቀውን ማንም አይጽፍም። የፋብሪካው መኪኖች ከጀርባ ቦይ ውስጥ ሲደፉ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ልጆቻችን ሽታውን እያነሡ ይሳሳቁበት ነበር። አሁን ማስረጃ አምጡ ስንባል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ጠፋች። ይኼንኑ ብዬ ነገርኩት። ሳቁን ተወና ወንበሩን አስጠጋ። «እንቁጠር ካልን እንቁጠር» አለኝ፤ «አምስት ድምፅ ነው ያለን። ሃርግሮቭና ጓደኛው ፋብሪካው ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው፣ አይሰጡንም። እኔና ሌላው እንሰጣለን። አምስተኛዋ እያመነታች ነው። ሃርግሮቭ ‹ከንቲባው ለገንዘብ ያዡ ሲሶ ሊሰጥ ነው› ብሎ ሰኞ ከጮኸ እሷ ሄደች። እሷ ከሄደች ውሉ ወደቀ። ሴፕቴምበር መጨረሻ የመክሰሻ ጊዜያችን ያልቃል፤ ኦስቲን ዘጠና ቀን ይይዘዋል። ሌላ ጠበቃ መቼ ልናመጣ ነው?»

«ዋሽተን ካለፍን በኋላ ኦስቲን ደርሰውበት ቢመልሱትስ? ቤልሜድ ከተማ ምን እንደሆነች ረሳኸው? ማስታወቂያቸው ጎደሎ ነው ተብሎ ውሉ ፈረሰ፤ እስኪያስተካክሉ ጊዜው አለፈ።»

 ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «ይጻፉ አላልኩም፤ አይጻፉ አላልኩም። ማኅተሙ የእርስዎ ነው» ብሎ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ «ቋሊማው ሳይበርድ ይብሉት እንጂ» አለኝ። ወይ ክላውድ! ሸክሙን ሁሉ አምጥቶ እኔ ላይ አራገፈና ሄደ። ተናደድኩ፤ ቋሊማውን ግን በላሁት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ራንደል ደወለ።

«አክስቴ፣ እማዬ ቁልፍሽን ደብቃለች አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«እሷው ናት። ማሽኑ ላይ ሆና ነው የደወለችልኝ፤ ነርሷን አስደንግጣታለች።»

ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። ከዚያ ረቂቁን የጻፈችው ቢሮው ውስጥ ያለች አዲስ ልጅ እንደሆነች፣ እሱ ሳያነብ እንደፈረመ ነገረኝ። እውነቱን ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም። በነፃ ሲሠራ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ጉድጓድ አስመርምሯል፣ የሞቱ ሰዎችን ቤተሰብ እየዞረ አነጋግሯል፣ ጸጉሩ ፊት ፊቱ ላይ ሸሽቷል። ይኼ ውል ከወደቀ ድካሙ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

«የሕግ ሰው ነኝና አትጻፊ ልልሽ አልችልም» አለኝ በመጨረሻ። «እናቴን ሳስብ ደግሞ ጻፊ የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።»

«ታዲያ ምን ልትለኝ ነው የደወልከው?»

«ምሳ በልተሽ እንደሆነ ልጠይቅሽ።»

እንዲህ ያለ ልጅ ነው፤ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ረዥም ልቅሶ አልነበረም፤ ለዓይኔ የመጸዳጃ ቤቱን ወረቀት ሁለት ጊዜ ያህል ቀደድኩ፣ በቃ። ከዚያ የቤት ግብር ጥያቄ ይዛ የመጣች ሴት አስተናገድኩ፣ የሁለት ውሻ ፈቃድ አደስኩ፣ የመቃብር ቦታ የሚፈልግ ሰው ካርታ አሳየሁ። ለመቃብሩ ሰው በምስራቅ በኩል ዋጋው ስምንት መቶ ነው፣ በዛፎቹ ሥር ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አልኩት። «ለዛፍ መቶ ሃምሳ?» አለኝ። «ጥላው ለሚጎበኙህ ነው» አልኩት። ሳቀ። ሥራ እየሠራሁ ሳለ ሐሳቤ ቁርጥ አለልኝ። እናታችን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የምትለው ነገር ነበራት፤ ኦስቲን ደርሶ ዘጠና ቀን የሚቆይ ውሸት እኔ ጋ የለም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቁጭ አልኩና ሦስተኛውን ጻፍኩት። «ጠበቃ ራንደል ጊድሪ በሁለት ምርጫዎች የከንቲባ ክላውድ ባቲስት የምርጫ ገንዘብ ያዥ ሆነው አገልግለዋል።» አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። አተምኩ፣ ሰዓቱን መታሁበት፣ ማኅተሙን አሳረፍኩ። ማስታወቂያው ሌት ተቀን ሰው ሊያነበው የሚችልበት ቦታ መሆን ስላለበት የምለጥፈው ውጭ ግድግዳው ላይ ባለው ባለመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ከአሥር ላይ ወጥቼ ለጠፍኩት። ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ አየሁት፤ ቀጥ ብሏል። ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። እውነት የሚናገር ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ እኔ ብቻ የቀረሁ መሰለኝ።

ያን ጊዜ የራሴ መኪና መጥታ የእሳት አደጋ አለቃው ቦታ ላይ ቆመች። ኦሌታ ወረደች። ከማሽኑ ቀጥታ ነው የመጣችው፤ ግራ ክንዷ ላይ ነጩ ፋሻ ተጠቅልሏል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ከማሽን የወጣ ሰው መኪና አይነዳም ብዬ ልቆጣት አሰብኩና አየኋት፣ ተውኩት። መነጽሯን አደረገች። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ አነበበች፤ ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እስክትጮህ ጠበቅኩ።

«ክላውድን ጻፍሽው» አለች።

«ጻፍኩት።»

«ልጄንም ጻፍሽው።»

«ምን ላድርግ ኦሌታ፣ እውነት ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አክስቱ ማን ናት? ከሂዩስተን ጠርታ ያመጣችው ማን ናት? እጁን ይዛ ክላውድ ዘንድ ያስገባችውስ? አሁን ይኼን ወረቀት ጽፋ፣ አትማ፣ ለጥፋ፣ ቆማ የምታደንቀውስ ማን ናት?»

«ሕጉ የሚጠይቀው ምክር ቤቱን ነው። እኔ ድምፅ አልሰጥም» አልኳት። እሷ መነጽሯን አወለቀች። እኔም ጨመርኩ፤ «ደሞ አክስቱ መሆኔን የማያውቅ ማን አለ?»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ክላውድ ጠዋት ወንበሬ ፊት ተቀምጦ ያላት ቃል በቃል እሷው ናት። ፊቴ ጋለ፤ ሙቀቱ አይደለም፣ እፍረት ነው። ቀኑን ሙሉ ስለዚያ ወረቀት ሳስብ ስውል የራሴ ስም አንዴም ትዝ አላለኝም፤ በጌታ እምላለሁ አንዴም።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች ኦሌታ። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከባሏ ቀብር ወዲህ ሲሰበር ሰምቼው አላውቅም። «እኔ አትጻፊ ስልሽ ነበር። ጻፍሽ፤ እሺ። ልጄን ግን ብቻውን አደባባይ አታቆሚውም። አብረሽው ትቆሚያለሽ።»

ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ሃርግሮቭ የምክር ቤቱ አባል ሆኖ ስምንት ዓመት ስህተቴን ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። አክስት ሆና የእህቷን ልጅ ውል አዘጋጀች፣ ትነሣልን ለማለት ሰኞን አያሳድረውም። አደጋ ላይ ያለው ሦስት ዓመት የቀረው ጡረታዬ ነው። ቆሜ ይኼን ሁሉ አሰብኩ፤ አላሰብኩም አልልም። ኦሌታ አልገፋችኝም። ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ መስታወቱን ተደግፋ ቆመች።

ተመልሼ ገባሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼው ስለነበር እስኪነሣ ዕድሜ ፈጀ። ከዓረፍተ ነገሬ በታች ሌላ ጨመርኩ፤ «የከተማው ጸሐፊ ቨርዲን ፕሩዊት የጠበቃው አክስት ናቸው። በዚህ ክስ ጠበቃውን ከከንቲባው ጋር ያገናኙትም እሳቸው ናቸው።» ስለ ራሴ «ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። እንደገና አተምኩ፣ ሰዓቱን እንደገና መታሁ፤ አሥራ አንድ ከአምሳ ሁለት ይላል። ስምንት ደቂቃ። ሮጬ ወጣሁ፤ ሮጥኩ እላለሁ እንጂ ጉልበቴ ከሮጠ ቆይቷል። የሣጥኑ መዝጊያ እየተመለሰ ስለሚያስቸግር ኦሌታ በደህናው እጇ ያዘችልኝ፤ የድሮውን ነቅዬ አዲሱን ለጠፍኩ፣ ቆለፍኩ።

እንደገና መነጽሯን አደረገች። አሁን ከላይ አልጀመረችም፤ ሦስተኛው ላይ ብቻ ሄደች፣ ድምፅ አውጥታ አነበበች፣ የእኔ ስም ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። ከዚያ ቁልፌን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ዞራ በተሳፋሪው በር ገባችና ዓይኗን ጨፍና ተደገፈች። ሞተሩን አስነሥቼ ቀዝቃዛውን አየር ወደ እሷ አዞርኩላት። 

«ሰኞ የማሽኔ ቀን ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ከዚያ ተነሥቼ ቀጥታ ነው የምመጣው። እናቱም ትጠየቅ። ከፊት ወንበር ያዥልኝ፤ ክንዴን ሁሉም የሚያይበት ቦታ ይሁን።»

«እይዝልሻለሁ» አልኳት።